በመስተዋት ውስጥ ያለ ባሕር

ባሕርን በመማሪያ ክፍል ማኖር ከጨው ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። በማስተምርበት ክፍል የመስተዋት ገንዳ አቁመን፥ በአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው መዝነን ጨመርን፤ ሙቀቱም 25 ዲግሪ ሆነ። ውኃው እጅግ የጠራ ነበርና አንዱ ልጅ ለምሳ ከተሰጠው ገንዘብ አጠራቅሞ፥ «ነገ ዓሣ ልግዛ» አለኝ። ብከለክለው አዘነ።

ነገር ግን ከዓሣው ጕድፍና ከምግቡ ትራፊ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህንን መርዝ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አስቀድመው ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጕዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. እንዲህ ያሉትን ተሕዋስያን ለይቶ አስረድቷል። እነርሱም በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ድረስ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጥቂት አሞኒያ እየመገብናቸው አርባ ቀን ያህል ቆየን። ልጆቹም ውኃውን እየመረመሩ ቍጥሩን ጻፉ፤ ውኃ ሲተን ጨው እንደማይተን አስተውለውም የጎደለውን ጨው በሌለበት ውኃ መሙላትን ተማሩ። ሁለቱ መርዞች ከጠፉ በኋላ የመጀመሪያውን ዓሣ ያ ልጅ በገዛ እጁ አስገባ፤ ዓሣውም በሕይወት ኖረ።

መምህር ሁሉ ፍሬውን ቶሎ ለማየት ይመኛል። ነገር ግን የጠራ ውኃ ሁሉ ሕይወትን አይሸከምም፤ ጸጥ ያለ ክፍልም ሁሉ የተማረ አይደለም። በስውር የሚሠራው ሥራ ጊዜውን ካላገኘ፥ በግልጥ የሚታየው አይጸናም።