የመዳብ ሹራብ

አሰላ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የጭላሎ ነፋስ የሚወርድባት ከተማ በመሆኗ፣ ሹራብ ለምን እንደሚለበስ እኛን ማንም አያስተምረንም። ጊታርም ሹራብ እንደሚለብስ፣ ለዚያውም የመዳብ ሹራብ፣ ስንቶቻችን እናውቃለን? ከጊታሩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን ገመድ ልጣጩን ብትገፉት፣ ከመካከሉ አንዲት ቀጭን ሽቦ፣ በዙሪያዋም የተጠለፈ የመዳብ ክር ታገኛላችሁ። ጠጋኞቹ «ሺልድ» ይሉታል።

እንዲህ ያለው ጉዳይ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ሲወጣ «እንዴ፣ ግጥሙ አለቀ?» የሚል አይጠፋም። ይበል። ግጥም በጊታር ታጅቦ በሚነበብበት ምሽት፣ አንባቢዋ ድምፅዋን ዝቅ ባደረገች ቁጥር «እምምምም» እያለ አብሯት የሚያነብ ሌላ ፍጡር ከስፒከሩ ውስጥ የሰማ ሰው፣ ነገሩ የግጥም ነገር መሆኑን አይክደንም። በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወተውን የሰላም ሥዩምን ጊታር እየሰማን ላደግን ልጆች ደግሞ ይህ «እምምም» ስድብ ነው።

የፍጡሩ አባት መብራቱ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የግድግዳው ሽቦና ፍሎረሰንቱም የዚህን ምልልስ ወሬ በአየር ይነዛሉ። ከጊታሩ የሚወጣው ኃይል ግን በሚሊቮልት የሚቆጠር ምስኪን ነገር ነው። አምፕሊፋየር የሰጡትን ሁሉ ያጎላል፤ ዜማና ወሬ አይለይም። ሹራቡ ከግራውንድ ጋር ሲያያዝ ወሬውን ከመንገድ ተቀብሎ ያወርደዋል። ከምንም ሳይያያዝ ከተንጠለጠለ ግን ያንኑ ወሬ ለውስጠኛዋ ሽቦ ያቀብላታል፤ ያን ጊዜ ባይለበስ ይሻል ነበር።

ታዲያ ሹራቡ በስንት ጫፍ ይታሰር? ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከጊታር ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ገመድ በሁለቱም ጫፍ መያያዝ አለበት፤ ሹራቡ ራሱ የመመለሻ መንገድ ነውና። በአምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ከመግቢያው ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው የሚያልፈው አጭር ሺልድ ገመድ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው በየራሳቸው መንገድ ከግራውንድ ተገናኝተዋል።

ከተማው ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግኑትን ሽማግሌ «ጋሼ፣ ሁለቱንም ጫፍ ለምን አይበይዱትም? ይበልጥ አይጠራም?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ ለአንድ ወሬ ሁለት መንገድ ከሰጣችሁት መውጣቱን ትቶ ዙሪያውን ይሽከረከራል» አሉን። አንዱን ጫፍ በፒንሳ ቆረጡና በናስትሮ ጠቀለሉት።

የተናገሩት ልክ ነው። ሁለቱም ጫፍ ሲታሰር የተዘጋ ቀለበት ይፈጠራል፤ የትራንስፎርመሩ ማግኔታዊ ኃይል በቀለበቱ ውስጥ ሲያልፍ በሹራቡ ላይ ኤሌክትሪክ ያስሮጣል፤ ያም ከዜማው ጋር ይደመራል።

ጩኸቱ ጠፋ ብንል ውሸት ይሆናል፤ ግማሹ ሄደ። የመዳብ ሹራብ ማግኔትን አያቆምምና ቀሪው በራሱ በጊታሩ ጥቅልል በኩል ይገባል። ጊታሪስቱ ዞር ባለ ቁጥር ጩኸቱ ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ሴት ላቨር የተባለው የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅልሎችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ማግኔታቸውንና አዙሪታቸውን አቃርኖ፣ ወሬው እርስ በርሱ እንዲጣፋ ዜማው ግን እንዲደመር አደረገ። እኛ ግን ያለን ባለ አንድ ጥቅልል ጊታር ነው፤ ምን ይደረግ!

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ለዝግጅታችን በኪራይ የመጣ ሁለተኛ አምፕሊፋየር ነበረ፤ ማይክራፎኑ ከእርሱ ጋር ተያይዟል። ድምፁ ጸጥ ያለ፣ የሚያስቀና። በልምምድ ላይ ዘፋኛችን ጊታሩን እንደያዘ ከንፈሩን ወደ ማይኩ ሲያስጠጋ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣና ወደ ኋላ ወረወረው። ስፒናው ሲፈታ የመሬት መስመሩ ተቆርጦ ተገኘ። ማን እንደቆረጠው አናውቅም፤ ለምን እንደቆረጠው ግን ግልጽ ነው። ሁለት ዕቃዎች በሁለት ሶኬት ከመሬት ሲያያዙ ያው ቀለበት፣ አሁን የአዳራሽ ያህል ሰፍቶ ይመጣል፤ የአንዱን መሬት ሲቆርጡት ዝም ይላል። ዝምታው የምር ነው፤ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው።

«የአንድ ምሽት ነገር ነው፣ ምን አለበት?» ያለ ከመካከላችን ነበረ። ዘፋኙ ራሱም ከንፈሩን እያሻሸ «ከጩኸቱ ይህ ይሻለኛል» አለ። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው ቡድን ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1972 በዌልስ፣ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ማይክራፎን ሲነካ በኤሌክትሪክ ተመትቶ መሞቱን ስንነግረው ዝም አለ። ጊታሩን ይዘህ ማይኩን ስትስም ሰውነትህ ሁለቱን ዕቃዎች የሚያገናኝ ሽቦ ይሆናል፤ አንደኛው መሬት ከሌለው መውረጃው አንተ ነህ።

አዲስ ባለ መሬት ስፒና ተገዝቶ ተገጠመ። ጩኸቱም እንደጠበቅነው ተመለሰ። ከዚያ ሁለቱንም ዕቃዎች ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ማከፋፈያ ሰካንና ገመዶቹን አቀራርበን አስኬድናቸው፤ ቀለበቱ ጠበበ፣ ጩኸቱም ከወንበር ሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አይሰማም ነበር። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተንም የአዳራሹን የመሬት ዘንግ አስፈተሽን። የአርሲ ኮትቻ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሲደርቅ ዘንጉን በደንብ አይዝም፤ ዙሪያው ውሃ ጠጣ። ይህ ለጩኸቱ ብዙም አይረዳ፤ ለነፍስ ነው።

በምሽቱ የቀረችውን ትንሽ «እምም» ጊታሪስታችን ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጣት። በሴኮንድ 50 ማለት ከወፍራሙ ሶል በጥቂቱ ከፍ ያለ ድምፅ ነው፤ ሶል 49 ነውና። ክሮቹን ሁሉ በስሱ ወደ ላይ ሳባቸውና ዘፈኑን በሶል ጀመረው።