የጠረጴዛውን ሂሳብ ማን ይከፍላል?

በሰፈር ፑል ቤት የገንዘብ ነገር ብዙ ክርክር አያስነሳም። የተሸነፈው የጠረጴዛውን ሂሳብ ይከፍላል፤ ያሸነፈው ዱላውን እንደያዘ ተረኛውን ይጠብቃል። ውርርድ ካለም ብሩ ጨዋታው ሳይጀመር የሚታመን ሰው ዘንድ ይቀመጣል። ዘዴው ተራ ቢመስልም አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል፤ በሌለ ገንዘብ የሚጫወት የለም። ጭንቀቱ የሚጀምረው ይኸው ጨዋታ ከሰፈር ወጥቶ እንጀራ ልሁን ባለ ጊዜ ነው።

ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬየስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተወለደው ሬየስ ገና በአምስት ዓመቱ ማኒላ ወደሚገኘው አጎቱ ቤት ተላከ። አጎቱ ፑል ቤት ነበራቸው። ልጁ ቁመቱ ለጠረጴዛው ስላልደረሰ የለስላሳ ሣጥን እየደረደረ በላዩ ቆሞ ይጫወት ነበር፤ ሲመሽም አልጋው ያው የፑል ጠረጴዛ ነበር። ካደገ በኋላ ዝናው ከእሱ ቀድሞ ባሕር ተሻገረ። በ1985 ወደ አሜሪካ ሲሄድ በራሱ ስም ቢቀርብ በገንዘብ የሚገጥመው ሰው ስለማይገኝ፣ ሂውስተን ከተማ ውስጥ በተካሄደ ውድድር ላይ ሴዛር ሞራሌስ በሚል ስም ተመዝግቦ አሸነፈ። በ1999 ደግሞ በካርዲፍ የዘጠኝ ኳስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ይህን የመሰለ ሰው ሀብታም ይሆናል ብሎ የሚገምት አንባቢ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የፑል ተጫዋች ኑሮ ከኳስ ተጫዋች ኑሮ ጋር አይገናኝም። የአውሮፕላኑን ትኬት፣ የሆቴሉን ኪራይና የመመዝገቢያውን ክፍያ የሚችለው ብዙውን ጊዜ ራሱ ነው። ሽልማት የሚባለውም ቢሆን ከፊሉ ከተጫዋቾቹ ከራሳቸው የመመዝገቢያ ገንዘብ የተዋጣ ነው፤ በሌላ አነጋገር አንዱ ድሃ ከሌላው ድሃ ኪስ ያገኘው ነው። ወጪውን መቻል ያቃተው ገንዘብ የሚያወጣለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ተጫዋቹ ሲሸነፍ ይከስራል፣ ሲያሸንፍ ግን ከሽልማቱ ድርሻውን ይወስዳል። የደጋፊዎቹ ጭብጨባ ለሻምፒዮኑ ቢሆንም ገንዘቡ ሁልጊዜ ለሻምፒዮኑ አይደለም።

እንግዲህ በ2005 ኬቨን ትሩዶ የተባለ አሜሪካዊ ኢንተርናሽናል ፑል ቱር የተሰኘ የውድድር ዙር አቋቁሞ ብቅ ሲል፣ ከዚህ ኑሮ ውስጥ ማን ጆሮ ይነፍገዋል? ሰውየው በረጃጅም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ መጻሕፍትን በመሸጥ የታወቀ ነጋዴ ነበር። ሐሳቡ ፑልን እንደ ጎልፍ ያለ የተከበረ ሙያ ማድረግ ነው። የጠረጴዛው ጨርቅ ዓይነት፣ የተጫዋቾቹ አለባበስ ሳይቀር በደንብ ተወሰነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኦርላንዶ በተደረገው ውድድር ሬየስ ማይክ ሲገልን አሸንፎ 200,000 ዶላር ወሰደ። በሐምሌ 2006 ላስ ቬጋስ ላይ ጀርመናዊው ቶርስተን ሆማን 350,000 ዶላር አሸነፈ። የሰውን ጥርጣሬ ያበረደው ይኸው ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ዙሩ ወደ ሬኖ ከተማ ተሻገረ። አጠቃላይ ሽልማቱ 3 ሚሊዮን ዶላር፣ የአንደኛው ድርሻ 500,000 ዶላር ተባለ፤ በፑል ታሪክ እንዲህ ያለ ገንዘብ ተሰምቶ አይታወቅም ነበር። የ52 ዓመቱ ሬየስ በፍጻሜው ሮድኒ ሞሪስን 8 ለ 6 ረታ። በጠረጴዛ ላይ ይተኛ የነበረው ልጅ በጠረጴዛ ላይ የግማሽ ሚሊዮን ጌታ ሆነ ተብሎ ተጨበጨበለት።

ገንዘቡ ግን አልነበረም። አዘጋጁ ሽልማቱን በወቅቱ መክፈል እንደማይችል አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ለተጫዋቾቹ የደረሰው በየጥቂቱ፣ እየተቆራረጠ ነበር። ለትኬት ተበድሮ የመጣ ተጫዋች አበዳሪውን “አንተም በየጥቂቱ ውሰድ” ሊለው አይችልም። ዙሩም ያን የመሰለ ታላቅ ውድድር ዳግመኛ አላዘጋጀም።

ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ የቀረበው በጥቅምት 2006 የአሜሪካ መንግሥት በኢንተርኔት ቁማር ላይ ያወጣው ሕግ ነው፤ ዙሩ ገንዘብ ይመጣልኛል ብሎ የጠበቀው ከዚያ ንግድ ነበርና። ሕጉ ባይወጣስ? በጎልፍም ሆነ በቴኒስ ሽልማቱን የሚከፍለው ተመልካቹ ነው፤ ትኬት ይገዛል፣ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ ቴሌቪዥን በመክፈቱም አስተዋዋቂው ገንዘቡን ያወጣል። በሬኖ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ ሽልማቱ ተነገረ፣ ተመልካቹ በኋላ ይመጣል ተባለ። በመሐል ያለው ክፍተት በአንድ ሰው ኪስና ከሌላ በሚጠበቅ ገንዘብ ሊደፈን ታሰበ። ትሩዶ ተጫዋቾቹ ከዚያ የተሻለ ይገባቸዋል ማለቱ ስሕተት አልነበረም፤ ይህን ሊክዱት አይገባም። የራሱ መጨረሻ ግን አላማረም። ከፑል ጋር በማይገናኝ ጉዳይ፣ ስለ ክብደት መቀነሻ መጽሐፉ በማስታወቂያ የተናገረው የፍርድ ቤት ትእዛዝ የጣሰ ሆኖ በመገኘቱ በ2014 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በ1994 በእንግሊዝ የተጀመረው የአሜሪካና የአውሮፓ ቡድኖች ግጥሚያ፣ ሞስኮኒ ዋንጫ፣ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ተጫዋቾቹ ጥቂት፣ ጠረጴዛው አንድ፣ ካሜራውና ተመልካቹ ግን የታሰበባቸው ነበሩ። ያው አዘጋጅ፣ ማችሩም፣ በ2024ና በ2025 የዓለም ሻምፒዮናን ወደ ጂዳ ወሰደ፤ ከአንባብያን ብዙዎቹ ዘመድ አዝማድ በሚገኝባት ከተማ ማለት ነው። የአሸናፊው ሽልማት 250,000 ዶላር ነበር፤ ከሬኖው ቃል በትክክል ግማሹ፣ ያውም ከ18 ዓመት በኋላ። የሳዑዲ ገንዘብ አንድ ቀን ቢነሣ ጠረጴዛው ራሱን ችሎ ይቆም እንደሆነ ገና አልተፈተነም።

ሬየስ በግንቦት 2022 በሃኖይ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ላይ ተሰለፈ። ዕድሜው 67 ነበር። የተጫወተው ቀዳዳ በሌለው ጠረጴዛ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች ከረንቦላ ከሚሉት ወገን የሆነውን ጨዋታ ነው፤ ያገኘውም ነሐስ ብቻ ነው። አዳራሹ ግን እሱን ለማየት በመጡ ቬትናማውያን ተጨናንቆ ነበር።