በዓይንጋዲ ያልወረወርሁት ድንጋይ

ባለፈው የጥር ወር፥ ኢየሩሳሌም በብርድ ተይዛ ሳለች፥ የዱር እባብ ማየት ከሚወዱ ሁለት ወዳጆቼ ጋራ በመኪና ወደ ዓይንጋዲ ወረድሁ። መንገዱ ከባሕር ወለል በላይ ከ700 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ፥ ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር ወደሚበልጠው ወደ ጨው ባሕር ዳር ይወርዳልና፥ ካባችንን በየተራ አወለቅን።

እባብ ሙቀቱን ከውጭ የሚያገኝ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ በብርድ ጊዜ በዓለት ንቃቃት ይከተታል፤ ቀኑ ሲሞቅ ግን ፀሐይ ሊሞቅ ብቅ ይላል። እስከ ቀትር ፈልገን አጣን።

ልንመለስ ስንል፥ አንደኛው ወዳጄ እግሩን ከአንድ ድንጋይ አጠገብ ሊያሳርፍ ሲል፥ መጋዝ እንጨት ሲቈርጥ የሚመስል ድምፅ ሰማን። መርዘኛዋ እፉኝት ነበረች፤ ተጠቅልላ ሻካራ ቅርፊቷን እርስ በርሱ ታፋትጋለች። እርሷን ለማየት ያን ያህል መንገድ የመጣሁ እኔ፥ ባየኋት ጊዜ ሳላስበው ድንጋይ አነሣሁ።

ወዳጄ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፥ «ተው፥ ወንድሜ! ሳትነድፈን አስጠነቀቀችን እኮ» አለኝ።

ዳዊት ሳኦልን በእጁ አግኝቶ የተወው በዚሁ በዓይንጋዲ ምድረ በዳ እንደ ነበር ትዝ አለኝና አፈርሁ። ድንጋዩን ቀስ ብዬ አኖርሁት፤ እርሷም ወደ ንቃቃቷ ገባች። የዚያ ድንጋይ ክብደት ግን እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ ከእጄ አልለቀቀም።