መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም

በአገራችን ሐኪም ይከበራል። ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው ፊት ስንቀርብ ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ ያልገባንን እንኳ ገብቶናል ብለን እንወጣለን። አክብሮቱ መልካም ነው። ነገር ግን አክብሮት ማለት ዝም ማለት የመሰለን ብዙዎች ነን። ይህ ዝምታ ደግሞ በተለይ በጥርስ ሕክምና ቤት ለቤተሰብ የሚተርፍ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ምክንያቱም ጥርስ ሲነቀልም ሆነ ሲታጠብ ደም አለ። በተለምዶ የወፍ በሽታ ከምንለው የጉበት ሕመም መንስኤዎች አንዱ የሆነው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደም ይተላለፋል። ከሰውነት ውጭ ወድቆም ቢያንስ 7 ቀን ድረስ በሽታ የማስያዝ ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ንጹሕ በሚመስል ጉጠት ላይ ዓይን የማያየው ደም ይበቃዋል። አንዱ ከያዘው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው፣ በወሊድ ጊዜም ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። ጤነኛ የሆነ ትልቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ቫይረሱን ያሸንፈዋል። በወሊድ ጊዜ የተያዘ ሕፃን ግን ካልተከተበ፣ ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ያህል ላይ በሽታው ሥር የሰደደ ይሆናል።

ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ፀንሳ በአምስተኛው ወር መንጋጋዋን ክፉኛ አመማት። በሰፈራችን ወዳለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ተራችን ደርሶ ስንገባ፣ ከእኛ በፊት የታከሙት ሰው መሣሪያዎች ፈሳሽ ባለበት ሳህን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ተነከሩ፤ በጎዝ ተጠረጉና ለእርሷ ተደረደሩ። ባለቤቴ ቀስ ብላ፣ “ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሙቀት የጸዳ ሌላ መሣሪያ ይኖር ይሆን?” አለች። ሐኪሙ ተቀየሙ። “ስንት ሰው አክሜያለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም” አሉ። እርሷም፣ “የጠየቅሁት እርስዎን ንቄ አይደለም፤ ሆዴ ውስጥ ልጅ ስላለ ነው” ብላ ከወንበሩ ተነሣች። አመስግነን ወጣን።

ሌሊቱ ቀላል አልነበረም። በሞቀ የጨው ውኃ እያጉመጠመጠች አነጋችው። በማግሥቱ በሄድንበት ሌላ ክሊኒክ ግን ሲስተሯ ገና ሳንጠይቃት የታሸገውን ከረጢት ከፊታችን ቀደደች። በከረጢቱ ላይ ሙቀት ሲነካው ቀለሙ የሚለወጠውን ምልክትም አሳየችን። ቤት ውስጥ ጡጦ እንደምንቀቅለው መሣሪያውንም መቀቀል አይበቃም ወይ ብዬ ስጠይቃት በትዕግሥት አስረዳችኝ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃው የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። 100 ዲግሪ እንኳ ቢደርስ ጠንካሮቹን የጀርም ዘሮች አይገድላቸውም። አውቶክሌቭ የሚባለው ማሽን ግን እንፋሎቱን በግፊት አፍኖ 121 ዲግሪና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ የምታዩት ነገር ይኑር። መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት ይውጣ። ጓንቱ ለእናንተ አዲስ ይሁን፤ ሐኪሙ በዚያው ጓንት ስልክ ወይም በር ከነካም ይቀይረው። የማደንዘዣው መርፌና ብልቃጥ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆኑ ናቸው፤ የተረፈው ለሌላ ሰው አይተላለፍም። መቦርቦሪያውም በአልኮል መጠረጉ ብቻ አይበቃም፤ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በሙቀት መጽዳት አለበት። ማሽኑ ራሱም በየጊዜው መፈተሽ አለበት፤ በከረጢቱ ላይ ያለው ቀለም ሙቀት ማግኘቱን እንጂ ጀርሙ መሞቱን አያረጋግጥምና።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት በአንድ የጥርስ ቀዶ ሕክምና ቤት ጉድለት ተገኝቶ ወደ 7,000 የሚጠጉ ታካሚዎች እንዲመረመሩ ጥሪ ተደርጎላቸዋል። በምርመራውም ሄፓታይተስ ሲ በዚያ ቤት ከአንድ ታካሚ ወደ ሌላው መተላለፉ ተረጋግጧል። ማሽን ሞልቶ በተረፈበት አገር የጎደለው ጥንቃቄ ነበር።

ባለትዳሮች ሌላም የምታደርጉት አለ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን በልጅነታችን አልተከተብንም ማለት ነው። አብራችሁ ተመርመሩ፤ ነጻ ከሆናችሁ ክትባቱን ውሰዱ። ለትልቅ ሰው ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰጣል።

የጥርስ ሕመም ያለበት ሰው ለመጠየቅ አቅም የለውም። አፉም ተከፍቶ፣ ማደንዘዣም ተወግቶ እንዴት ይናገራል? ስለዚህ ባልም ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን ብቻውን አትላከው። አብሮ የሄደው በትሕትና ይጠይቅለት። ሥራውን በንጽሕና የሚሠራ ሐኪም በጥያቄው አይቀየምም፤ እንዲያውም ከረጢቱን ከፊታችሁ ይቀድላችኋል።