የሁለት ሰው ፊርማ

ሰባት ሰው በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ተጠጋግቶ ከአዳማ ወደ ወንጂ ሲሄድ አይታችሁ ከሆነ እኛ ሳንሆን አንቀርም። ባለቤቴ መሪው ላይ፣ አማቴ ከፊት፣ እኔና አራቱ ልጆች ከኋላ። አማቴ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ከዚያች ዝቅተኛ መኪና ለመውጣት የሁለት ሰው እጅ ይፈልጉ ነበር። አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንመለስ፣ "ልጆቼ፣ ከእንግዲህ እኔን ቤት ተዉኝና እናንተ ሂዱ" አሉን። ያን ቀን ማታ እኔና ባለቤቴ ቁጭ ብለን ትልቅ መኪና ስለ መግዛት መነጋገር ጀመርን።

ገበያው እንዴት እንደ ሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ፣ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ የሚደርስበት ትልቅ መኪና፣ አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ቶዮታ ሃያስ ለሽያጭ ቀርቦ ማየት ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን መኪና የሚገዛ ሰው የቀደሙትን ባለቤቶች ጠባይ ጭምር ነው የሚገዛው።

መጀመሪያ ያደረግነው ወረቀትና እስክሪብቶ ማውጣት ነበር። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበና አስቀድሞ ወጪውን ስላሰላ ሰው ያስተማረውን ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ሰብኮበታል፤ የራሳችን ሲሆን ግን ያለንን ሁሉ ለመኪናው ዋጋ ሊያወጣ ተነሣ። እኔ ደግሞ ከአምስት አንዱን እጅ ለጎማ፣ ለባትሪ፣ ለስም ማዛወሪያና ለኢንሹራንስ እናስቀር አልኩ። ሁለት ምሽት ተከራከርን። በመጨረሻ የእኔ ሐሳብ ጸደቀ።

ሜዳ ላይ መኪና አይታወቅም

አዳማ ለመኪና ደላላ የምትመች ከተማ ናት። አብዛኛው ክፍሏ ሜዳ ስለ ሆነ ባጃጁም ጋሪውም ያለ ብዙ ድካም ይመላለስባታል። ደላላው በዋናው አስፋልት አንድ ዙር ሲያዞራችሁ የደከመ ሞተር ሁሉ ጎበዝ ይመስላል። የመጀመሪያውን ሃያስ ያየነው እንዲህ ነው። ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል። ደላላው፣ "ፓስተር፣ ሌላ ሰው ብር ይዞ እየጠበቀ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ ነው" ይላል። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልቤ ልጆቹን በየወንበሩ አስቀምጬ ጨርሼ ነበር። ባለቤቴ ቀብድ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ያዳነን አብሮን የመጣው ወጣት መካኒክ ነው። "እትዬ፣ ሜዳ ላይ መኪና አይታወቅም። ኢተያ ድረስ እንውጣበት" አለኝ።

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ይገባችኋል። የግብርና ምርምር ማዕከሉ ያለበት መልካሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ነው፤ አሰላ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አዋሽን ተሻግራችሁ ዴራን ስታልፉ ሙቀቱና ግራሩ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የአርሲ የስንዴ ማሳ ይቀበላችኋል፤ ሰማዩ ከጠራ የጭላሎ ተራራ ከፊታችሁ ይታያል። አየሩ ለሰው ደስ ይላል፤ ለአሮጌ ሞተር ግን ፈተና ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ብዙዎቹ የቆዩ ሃያሶች ያላቸው ፋይቭ ኤል የሚባለው ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የሌለው በመሆኑ ጉልበቱ ይቀንሳል። አቀበቱና የሰው ክብደት ሲታከልበት የተደበቀው ሁሉ ይወጣል።

ዴራን እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ላይ ተነሣ። ደላላው፣ "ቆጣሪው ነው እንጂ መኪናው ምንም የለበትም" አለ። መካኒኩ ግን መኪናውን አስቁሞ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቀንና የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፎበታል። ሞተሩ ውስጥ ውሃና ዘይት መቀላቀል ጀምሯል ማለት ነው፤ ሞተሩ ተፈትቶ መታደስ አለበት። ተመልሰን ወረድን። በመንገድ ላይ ማንም አልተናገረም።

የባቷ እናት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባቱ፣ ብዙዎቻችን ዝዋይ በምንላት ከተማ፣ አንድ ሽማግሌ የቤተሰብ ሃያስ እንደሚሸጡ ሰማን። በሚኒባስ ተሳፍረን በሞጆ በኩል፣ ቆቃንና ዓለም ጤናን አልፈን፣ በየመንገዱ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በተከመረባት በመቂ አድርገን ደረስን። ማታውን እዚያው አደርን። መካኒኩ፣ "ሞተሩ ሳይሞቅ ጠዋት ሲነሣ ማየት አለብኝ" ብሎ ነበርና።

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ግቢያቸው ደረስን። መካኒኩ ኮፈኑን በእጁ ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ፤ ጥቂት ጭስ አውጥቶ ጠራ። ወደ ቡታጅራ በሚወስደው አቀበት ወጥተንበት ተመለስን፤ የሙቀቱ ቀስት ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ቁልቁለቱ ላይም ፍሬኑ በደንብ ያዘ። ባለቤቴና ሽማግሌው ስለ ዋጋ መነጋገር ሲጀምሩ የሽማግሌው ባለቤት ቡና እያቀረቡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

"የኔ ልጅ፣ የኋላው በር ዝናብ ያስገባል። በቀኝ በኩል ደግሞ ተጋጭቶ ላሜራው ተሠርቷል፤ ስቱኮ አለበት። ጎማዎቹም አልቀዋል፤ እወቂው።"

ሽማግሌው ሚስታቸውን ገላመጥ አደረጉ። እሳቸው ግን ስኒውን እየሰጡኝ፣ "እኔም እኮ እፈርማለሁ" አሉ።

የጋራ ሀብት የሆነ መኪና ሲሸጥ ባልም ሚስትም ስምምነታቸውን በፊርማ እንደሚያረጋግጡ እኔም አውቅ ነበር። እንደ አንድ የቢሮ ጣጣ እንጂ፣ ስለ እውነት እንደሚጠይቀኝ ነገር ግን አስቤው አላውቅም። ዋጋው ትንሽ ቀነሰ፤ ቀብድ ከፍለን ወደ አዳማ ተመለስን።

ሦስተኛው ማርሽ

ቀሪውን ክፍያ ለመሙላት ኮሮላችን መሸጥ ነበረባት። ኮሮላችን አንድ አመል ነበራት፤ ቁልቁለት ላይ ሦስተኛው ማርሽ በድንገት ያመልጣል። ባለቤቴ ስለለመደው ማርሹን በእጁ ደግፎ ይይዘው ነበር። ገዢ ሆኖ የመጣው አሰላ የሚያስተምር፣ ገና ያገባ ወጣት ነው። መካኒክ ይዞ መጣ፣ እዚሁ አዳማ ውስጥ ነዳት፣ ወደዳት። ዋጋ ተስማማን፤ በማግስቱ ልንፈርም ተቀጣጠርን።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለቤቴም አልተኛም።

"ስለ ማርሹ ነግረኸዋል?" አልኩት።

"መካኒክ ይዞ መጥቶ አሳይቷል እኮ።"

"መካኒኩ ያየው ሜዳ ላይ ነው።"

ብዙ ቆይቶ፣ "ዋጋው ከወረደ የጎማውን ገንዘብ ከየት እናመጣለን?" አለኝ። የፈራሁት እኔም እሱን ነበር። ኢተያ ላይ ደላላውን በልባችን ስንኮንን የነበርን ሁለት ሰዎች፣ እሱ ያደረገውን ልናደርግ አንድ ሌሊት ቀርቶን ነበር። ያውም ልጁ የሚመላለሰው በዚያው ቁልቁለት ላይ ነው።

ጠዋት ባለቤቴ ደወለለት። ወጣቱ መጥቶ መኪናዋን እስከ ኢተያ ወሰዳት፤ ሲመለስ ለማርሹ ማሠሪያ ብሎ አርባ ሺህ ብር እንድንቀንስ ጠየቀ። ቀነስን። ማርሹ ሳይሠራ ወደ አሰላ እንዳይወጣባትም ቃል አስገባነው። ሃያሱ ከባቱ ሲመጣ አዲስ ጎማ እስኪገዛለት ድረስ ሁለት ወር ግቢያችን ውስጥ ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ በባጃጅ ተመላለስን። ልጆቹ በየቀኑ የቆመው መኪና ውስጥ ገብተው ይጫወቱ ነበር፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አርባ ሺህ ብሩ ትዝ ይለኝ ነበር።

እናንተም ለቤተሰባችሁ ያገለገለ ትልቅ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከመንገዳችን የተማርነውን ላካፍላችሁ። ለጥገና የሚሆነውን ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ አስቀድማችሁ ለዩ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ። በሜዳ ብቻ አትፈትኑ፤ በየከተማችሁ አቅራቢያ አንድ ኢተያ አይጠፋም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳታረጋግጡ ሙሉ ገንዘብ አትክፈሉ። የሻጭ የትዳር ጓደኛ ካለ እሱንም እሷንም አነጋግሩ። የራሳችሁን ስትሸጡም የምታውቁትን ጉድለት ከፊርማው በፊት ተናገሩ። ባል ዝም ካለ ሚስት፣ ሚስት ዝም ካለች ባል ይናገር።

ጎማው በተገዛ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ሄድን። ስናልፍ ባቱ ላይ ቆመን እኚያን እናት ሰላም አልናቸው። አማቴ ከፊት ወንበር ወርደው ሳሟቸው፤ ለመውረድ ትንሿን የእንጨት ዱካ እንጂ የማንንም እጅ አልፈለጉም። መንገድ ላይ ዝናብ ጥሎ ነበርና የኋላው በር፣ እንደ ተባለው፣ ውሃ አስገብቷል።