አሮጌውን ኮምፒዩተር ስናስነሣ

በመኝታ ክፍላችን ጥግ ስላለው ኮምፒዩተር ብዙ ጓደኞች ይጠይቁናል። ለያንዳንዱ በረንዳ ላይ ቆመን ከምናስረዳ እዚህ ሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ ጽፈነው ብንገላገል ይሻላል ብለን ተነሣን። ሦስት ነን። አንዳችንም የኮምፒዩተር ትምህርት የተማርን አይደለንም፤ 12ኛ ክፍል ጨርሰን የመጣን ሠልጣኞች ነን። የተሳሳትነው ካለ መምህራኖቻችን ቢያርሙን አንቀየምም።

ዕቃው የአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበር፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ከዚራ ውስጥ የአንዳችን አክስት ጎረቤት ስለሆኑ የተዋወቅነው ቡና ላይ ነው። የገዙት በ2000 ዓ.ም. ነው። «አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሲል ለልብስ ይገዛል፤ የኔው ሰውዬ ሣጥን ተሸክሞ ገባ» ይላሉ እትዬ እየሣቁ። በ2009 ዓ.ም. ዝም ካለ ወዲህ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ኖሯል። ጋሼ በ2017 ዓ.ም. ሲሰጡን አንድ ቃል ብቻ አስያዙን፦ «ልጆቼ፣ ከተነሣ የናንተ ነው፤ ውስጡ ያለውን ጽሑፌን ግን አውጡልኝ።»

ጎኑን ስንከፍተው የድሬ አቧራ ማራገቢያው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተኝቷል። በቀለም ብሩሽ ጠረግነው። አንጎሉን ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር የሚያገናኘው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ስለነበር በጨርቅ አንሥተን አዲስ ቀባነው። በኛ ከተማ ሙቀት ይህን መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። ሳንቲም የምታህለዋ ባትሪም ሞታለች፤ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ቀኑንና ሰዓቱን የምትቆጥረው እሷ ናት።

እስከዚህ ድረስ ጎበዞች ነበርን። ከኋላው አንዲት ቀይ ማንሸራተቻ አለች፤ ባንድ ወገን 115፣ በሌላው 230 የሚል ተጽፎባታል። ያገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መቆም አለባት። ስንወለውል አንዳችን በጨርቁ ገፋት (ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ይህን ጽሑፍ ወደ ሰሌዳው የሚገለብጠው እሱ ነው)። ሶኬቱ እንደ ተሰካ፣ ጧ! ብልጭታ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ፣ ከዚያም ሕንፃው በሙሉ ጨለማ። ማንሸራተቻዋ 115 ላይ ስትሆን ኃይል ሰጪው ሣጥን ደካማ መብራት የገባ መስሎት እጥፍ ያደርገዋል፤ የኛን 220 እጥፍ ሲያደርግ መፈንዳቱ ምን ይገርማል? ጓደኞቻችን በጧፍ ሲያጠኑ ያመሹት በኛ ምክንያት ነው፤ እነሆ በይፋ ይቅርታ ጠይቀናል።

የኪስ ገንዘባችንን አዋጥተን ታይዋን ገበያ ሄድን። ያገለገለ ኃይል ሰጪ አገኘን። የኮምፒዩተሩ ራም 1 ጊጋባይት ብቻ ስለነበር ባለ 2 የሆኑ ሁለት ገዝተን ወደ 4 ልናሳድገው ፈለግን። መጀመሪያ ያነሣነው አዲስና ርካሽ ስለመሰለን ነበር፤ ሻጩ ዋናውን ቦርድ አይቶ ሣቀብን። «አቦ! እንዳትገፉት፣ ትሰብሩታላችሁ። ይሄ ሦስት ነው፤ የናንተ ሁለት ነው፤ ጥርሱ አይገጥምም።» እውነትም ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 መሐላቸው ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ይለያያል። ሸጦልን ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

ማታውን ኮምፒዩተሩ በራ። ወዲያው ጠብ ተነሣ። ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ የሠሪው ኩባንያ ጥገና ከሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለቆመለት ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘቱ አደጋ አለው። አንዳችን «ሃርድ ዲስኩን እናጥፋና አዲስ እንጫንበት፤ የሽማግሌ ማስታወሻ ለምን ይጠቅመናል?» አለ። ሁለታችን ቃላችንስ? አልን። እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ልባችን ወደ ማጥፋቱ ያደላ ነበር።

ያስታረቀን ሊኑክስ ነው። ይህን ሥርዓት ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው 21 ዓመቱ ነበር፤ የኛ እኩያ ማለት ነው። በነፃ ይገኛል። ደግሞ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ ይነሣል። አስነሥተን የጋሼን ጽሑፎች ወደ ሌላ ፍላሽ ቀዳን። አንዱን ስንከፍተው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ፤ ነጥብ፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት። ተበላሽቷል ብለን አዘንን።

አልተበላሸም ነበር። ለካ የኛ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሎቻችንን በላቲኖቹ ቦታ ላይ ያሳድሯቸው ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው በነሱ መጻፉን አልተወም። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ስለሚሆን፣ በጠበበ ቤት ውስጥ እየተጋፉ መኖር ነው። ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት ከሌለ ማሽኑ የሚያሳየው ፊደሎቹን ሳይሆን ባለቤቶቹን ነው። ፎንቱስ የት ነበር? እዚያው ልናጠፋው ባልነው ዲስክ ላይ፣ ከዊንዶውሱ የፎንት ማኅደር ውስጥ። ገልብጠን ጫንነውና ፋይሉን እንደገና ከፈትነው፤ ገጹ አማርኛ ሆነ። እናጥፋው ያለው ጓደኛችን ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

ለ4ኛ ክፍል የተዘጋጀ ትምህርት ነው። ርእሱ «ከተማችን ፀሐይ ሆኖ ደቻቱ ለምን ይሞላል?» ይላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከወሰደ በኋላ ጋሼ ያዘጋጁት ነው፤ ኮምፒዩተሩንም የገዙት ይህንኑ ጽፈው ለማባዛት ኖሯል። ዝናቡ የሚጥለው በስተደቡብ ደንገጎ ወገን ባለው ደጋ ላይ ስለሆነ አሸዋው ደረቅ ነው ብሎ መጫወት እንደማያዋጣ፣ ከላይ ድምፅ ሲሰማ ኳስም ቢሆን ጥሎ መውጣት እንደሚገባ በልጅ አነጋገር አስቀምጠውታል። ሦስታችንም የሣር እንጂ የአሸዋ ወንዝ ልጆች አይደለንም፤ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘነውም ነበር።

ከወር በኋላ ኤስኤስዲ የሚባለውን ዲስክ ገዝተን ሊኑክስን ጫንንበት። አሮጌው ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ እየዞረ እንደ ሸክላ ማጫወቻ በመርፌ የሚፈልገውን ይኸኛው የሚዞር አካል ስለሌለው ወዲያው ያቀርበዋል። በግማሽ ደቂቃ ያህል ይነሣል። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልለን ሣጥናችን ውስጥ አኑረነዋል፤ አራት ፋይሎች እስካሁን እምቢ ብለውናል።

ያተምነውን ለጋሼ ወሰድንላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ሁለተኛው ገጽ ላይ «ዝናብ ስታዩ» የሚለውን በእርሳስ ሰርዘው «ተራራው ላይ ደመና ስታዩ» ብለው ጻፉበት። «ይህችን ላርማት ተቀምጬ ነው መብራቱ የሄደብኝ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣላቸውም። እትዬ የአበባ ማስቀመጫው የት እንደሚሆን ጠየቁን።