በቤቱ ብቻውን ስለሚሠራ ሰው

በቤቱ ውስጥ ብቻውን ሠርቶ የሚያድር ሰው ጌታም ሎሌም ራሱ ነው። ጌታው ያዝዛል፤ ሎሌው ይታዘዛል። ዳሩ ግን በብዙ ቤት እንዳየሁት፥ ጌታው ለሎሌው ደመወዝ መክፈሉን ይረሳል። እኔም ረስቼ ነበርና ስሕተቴ ከራሴ አልፎ የአንዲት ሕፃን ትምህርት እስከ ማስተጓጐል ደረሰ። ዛሬ በጡረታ ላይ ሆኜ የምጽፈው፥ በቤታቸው አንዳች ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ይጠቀሙበት እንደ ሆነ ብዬ ነው።

የምኖረው በጠምባሮ፥ በሙዱላ ከተማ ነው። በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፥ እዚያ ለሴቶች ልጆች ከንባብና ከሒሳብ ጋራ የመርፌ ሥራ ይሰጠን ነበር። መምህራችን የሰፋነውን ልብስ ስትቀበል ውጪውን አትመለከትም፤ ወዲያው ገልብጣ የውስጡን ስፌት ትመረምር ነበር። ያን ጊዜ ክፋት ይመስለኝ ነበር። በኋላ አስተማሪ ሆኜ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራ መርፌውን ለቤቴ ልጆች እንጂ ለገንዘብ አላነሣሁትም።

ያነሣሁት በችግር ነው። በእኛ አገር እንሰቱ ቤተ ሰብን ያበላል፤ ነገር ግን ለልጅ ደብተር፥ ለሕክምና፥ ለመስቀልም ቅርጫ የሚሆነው ጥሬ ገንዘብ ይመጣ የነበረው ከዝንጅብል ነው። በ2004 ዓ/ም አጠውላጊው በሽታ ገባ። ይህ በሽታ ከባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን በዘሩና በአፈሩ ይተላለፋል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፥ ከመሬት በታች ያለውም ይበሰብሳል። ባለቤቴ የተከለው ማሳ ከጐረቤቶቻችን ማሳ ጋራ አብሮ ጠፋ። ደመወዜ ብቻውን ቤቱን የማይሸፍን በመሆኑ፥ በጓዳ ተሸፍኖ የኖረውን አሮጌ ሲንጀር የእግር መኪና አውጥቼ ዘይት አጠጣሁት፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላም የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመርሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ የሰው አፍ ነው። «መምህርቷ ልብስ ሰፊ ሆነች» ተባለ። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ/ም ሠራተኛን በሥራው ስም እየጠሩ መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ አንጥረኛውም ሸማኔውም ጸሐፊውም በዚያ ዐዋጅ ውስጥ ነበሩበት። ዐዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን አላረጀም። ሥራ ለመጀመር የምታስብ አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ወሬ እስኪያልፍ ጠብቀህ አትጀምር፤ አያልፍምና። ሦስት ቀሚስ ሰፍተህ የሦስተኛው ባለቤት ጐረቤቷን ይዛ ስትመጣ፥ ወሬው ራሱ ደንበኛ አምጪ ይሆናል።

ሥራው ተሳካልኝ። በነሐሴና በመስከረም እጄ አላረፈም። ጨርቁን በእቁብ ገንዘብ ከሆሳዕና አስመጣሁ። ነገር ግን ወላጆቹ ሁሉ እንደ እኔ ዝንጅብል የጠፋባቸው ናቸውና «መምህርት፥ ገንዘቡን ለኅዳር» ይሉኝ ነበር። እኔም ልቤ ስለሚራራና፥ እውነቱን ለመናገር ደግ መባልን ስለምወድ፥ ስማቸውን በደብተር ጽፌ ልብሱን ሰጠሁ። ሃያ ሦስት ቤት ሆነ። በእጄ የገባው ጥቂት ገንዘብ ደግሞ መስከረም 17 ቀን ሳይደርስ በሥጋና በቅቤ አለቀ። የእኛ አገር መስቀል እንዴት እንደሚከበር የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም። የተማሪ ልብስ ገበያ ከመስቀል ፊት ለፊት መዋሉ ለሰፊ ሰው ፈተና ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣበት ሳምንትና ገንዘቡ የሚበላበት ሳምንት አንድ ናቸው።

ኅዳር መጣ። የከፈሉኝ ስምንት ብቻ ነበሩ። በዚያው ወር በክፍሌ ስም ስጠራ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ቀረች፤ በማግሥቱም፥ በሳምንቱም አልመጣችም። ታማ ይሆናል ብዬ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ሄድሁ። እናቲቱ ከሩቅ ስታየኝ ወደ እንሰቱ ውስጥ ገባች። ልጂቱ ግን እኔ የሰፋሁላትን ልብስ እንደ ለበሰች፥ የውኃ ጀሪካን ተሸክማ ከበር ቆማለች። የቀሚሱ ጠርዝ ስታድግ እንዲለቀቅላት ብዬ ያጠፍሁት ገና እንደ ታጠፈ ነበር።

እናቲቱን ተከትዬ ገብቼ «እቴ፥ ምን አደረግሁሽ?» ብላት፥ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ያልከፈልሁበትን ልብስ አልብሼ በፊትዎ ማስቀመጡን አፈርሁ» አለችኝ።

ዕዳውን እንደ ተውሁላት ነገርኋት፤ ልጂቱም ሰኞ ተመለሰች። እኔ ግን በመንገድ ላይ ራሴን ስመረምር ያገኘሁት ነገር አላስደሰተኝም። ያ ምሕረት በማን ገንዘብ የተደረገ ነበር? በእቁብተኞቼ ገንዘብ ነው። ዕጣዬን በልቻለሁ፤ ጨርቁ ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት የእቁቡን መዋጮ ከደመወዜ፥ ማለት ከገዛ ልጆቼ አፍ እየነጠቅሁ ከፈልሁ። ለባለቤቴም አልነገርሁትም። ደግነት የመሰለኝ ነገር ለተቀባዩ እፍረት፥ ለቤቴም ስውር ዕዳ ሆኖ ተገኘ።

በጥር ወር ገበያ ጀበና ልገዛ ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ ቀረብሁ። ሸክላ ሠሪዎች በአገራችን ብዙ ዘመን ተንቀው የኖሩ ናቸው፤ አብሯቸው ማዕድ የማይቆርስ ሰው ነበር፥ ዛሬም አልጠፋም። በዚያ ቀን በቂ ገንዘብ አልያዝሁምና «ቀሪውን ደመወዝ ስቀበል ላምጣልሽ» አልኋት። ሴትዮዋ ሳቀችና እንዲህ አለችኝ፤ «መምህርት፥ እኔን ሰው ስለሚንቀኝ እጅ በእጅ ይከፍለኛል፤ እርስዎን ስለሚያከብርዎ በዱቤ ይወስዳል። እባክዎ እኔን እንደ ሌላው ይናቁኝ።»

ተሸማቅቄ ቆምሁ። እሷም የነጠላዋን ጫፍ አሳየችኝ፤ ሦስት ቦታ ተቋጥሯል። አንዱ ቋጠሮ ለማገዶና ጭቃ ለሚያመጡላት፥ ሁለተኛው ለቤቷ፥ ሦስተኛው ሲተኰስ ለሚሰነጠቀው ሸክላ ነው። ማንበብ አትችልም። እኔ ለልጆች ሒሳብ አስተምር የነበርሁት ሴት ደብተሬን በእሷ ቋጠሮ አጠገብ ሳስበው፥ ያች የሚሲዮን መምህሬ ልብሱን ለምን ትገለብጠው እንደ ነበር በዚያ ገበያ መካከል ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በመኪናዬ አጠገብ አኖራለሁ፤ የጨርቁ፥ የእኔ፥ የመኪናው ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። አሠራሩን በምሳሌ ላስረዳ። እንበልና ለአንድ ዩኒፎርም ጨርቁ 600 ብር፥ ክር፥ ቁልፍና ዚፕ 60 ብር፥ የካውያ ከሰልና የመኪና ዘይት 20 ብር ቢፈጅ፥ ወጪው 680 ብር ነው። ልብሱ በ900 ብር ቢሸጥ 220 ብር ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን 220 ብር «ትርፍ» ይለዋል። አይደለም። ልብሱ አራት ሰዓት ከፈጀና ለሰዓቱ 40 ብር ለራሴ ከቈረጥሁ፥ 160ው የሎሌዋ ደመወዝ ነው። የሚተርፈው 60 ብር ብቻ ሲሆን እሱም ለሚሰበር መርፌ፥ ለሚበጠስ ጠፍር፥ ለምታመምበትም ሳምንት ወደ መኪናው ቆርቆሮ ይገባል። በትምህርት ቤት የታመመ አስተማሪ ደመወዙ አይቋረጥም፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን ሲታመም ሥራውም አብሮት ይተኛል። እድሩ ይቀብረዋል እንጂ ልብሱን አይሰፋለትም።

ቤቱ ከቸገረው ከየትኛው ቆርቆሮ ይወሰድ? ከእኔ ከተባለው ብቻ። ለመስቀል ቅርጫም ቢሆን እንዲሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ይህን እንደ ንፉግነት ቈጠረው፤ ደብተሩን ካሳየሁትና የደበቅሁትን የእቁብ ነገር ከተናዘዝሁ በኋላ ግን፥ የጨርቁን ቆርቆሮ የሚጠብቅልኝ እሱ ሆነ። ማንም ሰው ከትዳር ጓደኛው ደብቆ የቤት ሥራ እንዳይሠራ እመክራለሁ። አንዱ የሚያውቀውን ገንዘብ ሌላው ካላወቀው፥ ቆርቆሮው ሦስት ቢሆን አሥር ቢሆን አይረባም።

ዱቤንም ተውሁ። ሲንጀር ኩባንያ በ19ኛው መቶ ዓመት መኪናውን በየጊዜው በሚከፈል ገንዘብ እየሸጠ ዓለምን እንዳዳረሰ ዐውቃለሁ። ኩባንያው ግን ውል ነበረው፥ ሰብሳቢ ነበረው፥ ያልከፈለውንም ሰው መኪና መልሶ ይወስድ ነበር። እኔ ከልጅ ገላ ላይ ልብስ ላስወልቅ ነውን? ስለዚህ ሁለት መንገድ ብቻ አለኝ፤ ወይ እሸጣለሁ፥ ወይ እሰጣለሁ። ስሰጥም ከእኔ ቆርቆሮ የጨርቁን ዋጋ አውጥቼ ወደ ጨርቁ ቆርቆሮ እከፍላለሁ፤ የተቀበለው ሰው በደብተር አይጻፍም፥ እኔን ሲያይም ወደ እንሰት አይገባም። ለራሱ ደመወዝ የማይከፍል ሰው የሚሰጠው የራሱ የሆነ ነገር የለውም።

ሌላው ችግር የቤት መሆን ነው። ሱቅ ያለው ሰው ሱቁን ሲከፍት ሥራ ላይ እንደ ሆነ ይታወቅለታል፤ በቤቱ የሚሠራውን ግን ጐረቤት ሥራ እንደ ፈታ ይቈጥረዋል። «ቤት ነሽ አይደል?» ብሎ ቡና ይጠራል። ቡናውን ብትቀር ኵሩ ትባላለህ፤ ሁሉንም ብትጠጣ ቀኑ ያልቃል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ከ2011 ዓ/ም ወዲህ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሽርጥ እታጠቃለሁ። ሽርጡ ካለ ሥራ ላይ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ አወልቀዋለሁ፥ ቡናም እጠጣለሁ። ለቅሶ ሲሆን ግን ሽርጥ የለም፤ እዚህ ላይ ከሰው ጋራ አልከራከርም። ጐረቤቶቼ ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጀባቸው፤ አሁን ልጆቻቸው እንኳ «ሽርጥ ለብሰዋል» ብለው ከደጅ ይመለሳሉ።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ/ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፥ አምሳ ሰባት ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ጨርቅና ክርም አብሮ ወጣ። እኔ ቀድሞ በገዛሁት ዋጋ ሒሳብ ሠርቼ የነሐሴን ልብስ ሸጥሁና፥ የጨርቁን ቆርቆሮ ይዤ ገበያ ብሄድ የወትሮውን ያህል ጨርቅ ሊገዛልኝ አልቻለም። ስለዚህ ጨርቅህን ስትተምን ትናንት የገዛህበትን ሳይሆን ነገ የምትገዛበትን ዋጋ ጠይቅ። በስልክም ከከተማው ነጋዴ መጠየቅ ይቻላል። ከግንቦት 2013 ዓ/ም ወዲህ የመጣው ቴሌብር ለእኔ ጠቅሞኛል፤ የከፈለው ሰው ስም ይቀመጣልና ክርክር የለም። ነገር ግን በስልክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ቋጠሮ የለውም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው፤ ስለዚህ በየቅዳሜው አውጥቼ በቆርቆሮዎቹ እከፋፍለዋለሁ። ልጄ በዚህ ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

ባለፈው ነሐሴ አንዲት የቅርብ ዘመዴ ለልጇ ሙሉ ልብስ ፈልጋ መጣች፤ ገንዘብ እንደሌላትም ነገረችኝ። የእኔን ቆርቆሮ ከፍቼ በፊቷ ቈጠርሁት፤ ለሸሚዙ ይበቃል፥ ለሱሪው አይበቃም። «ሸሚዙን ውሰጅ፤ ሱሪው ለጥቅምት ይሆናል» አልኋት። በአጠገቡ የጨርቁ ቆርቆሮ ሞልቶ ነበርና አየችው። ጥቂት ዝም ብላ «ያስ?» አለችኝ። «እሱ የእኔ አይደለም» አልኋት። ሸሚዙን ይዛ ሄደች፤ ፊቷ ደስ ያለው አልነበረም። እኔም ስናወራ ክሩ ከመርፌው ወጥቶ ነበርና፥ መነጽሬን ፈልጌ እንደገና ማስገባት ጀመርሁ።